ፒተር ግሪስ፡ የቢራ ፋብሪካው ኬሚስት ለሕክምና ያወረሰው ቀለም

በጆሃንስበርግም ሆነ በአዲስ አበባ የሽንት ምርመራ ወረቀት ናይትራይት ሲያገኝ ቀለሙ ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ ይህም የባክቴሪያ ኢንፌክሽን መኖሩን ሊጠቁም ይችላል። የዚህ ዘዴ መሠረት የተጣለው ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት በሞተ ጀርመናዊ ነው።

ዮሐን ፒተር ግሪስ እአአ በ1829 ሄሰ ውስጥ ኪርሽሆስባኽ በተባለች መንደር ተወለደ። አጀማመሩ ብዙ ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። በተማሪነቱ በሥነ ሥርዓት ጥሰት ተቀጥቷል፤ በኋላም ተቀጥሮበት የነበረው የኬሚካል ፋብሪካ በእሳት ወደመ።

ወደ ማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከተመለሰ በኋላ ግን በ1858 ዳያዞ የሚባሉትን ውህዶች አገኘ። ግኝቱ ለሰው ሠራሽ የጨርቅ ማቅለሚያ ኢንዱስትሪ በር ከፈተ። ግሪስ በዚያው ዓመት ወደ ለንደን አቀና፤ ከ1862 ጀምሮም በርተን ከተማ በሚገኘው የኦልሶፕ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። ምርምሩን ከፋብሪካው ሥራ ጎን ለጎን ቀጠለ። በ1868 የብሪታኒያ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በ1879 ደግሞ እጅግ አነስተኛ ናይትራይትን በቀለም የሚያጋልጠውን ዘዴ ይፋ አደረገ። በ1888 በ58 ዓመቱ አረፈ።

የዘዴው ትልቁ ጥቅም የታወቀው እሱ ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ በሰውነት ውስጥ እንደሚመረትና የደም ሥሮችን እንደሚያላላ አረጋገጡ። ሦስት አሜሪካውያን ለዚህ ሥራ በ1998 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ይሁንና ጋዙ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚጠፋ በቀጥታ መለካቱ አዳጋች ነው። የሚቀረው ርዝራዡ፣ ማለትም ናይትራይትና ናይትሬት ነው። የግሪስ ዘዴ የሚለየው ናይትራይትን ብቻ በመሆኑ፣ ባለሙያዎች በናሙናው ያለውን ናይትሬት አስቀድመው በኢንዛይም ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ። ከዚያም የቀለሙን ድምቀት በብርሃን መለኪያ ያነባሉ፤ መጠናቸው ከሚታወቅ ናሙናዎችም ጋር ያነጻጽራሉ።

ውጤቱ ጥንቃቄ ይሻል። ቆስጣና ቀይ ሥር በናይትሬት የበለጸጉ ስለሆኑ፣ ምግብ ያመጣው ናይትሬት ሰውነት ራሱ ያመረተው ሊመስል ይችላል። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች ደም ከመቅዳታቸው በፊት የተሳታፊዎችን አመጋገብ ይቆጣጠራሉ።

ከግሪስ ዘመን ወዲህ የሚቀላቀሉት ኬሚካሎች ተሻሽለዋል፤ እጅግ ረቂቅ መሣሪያዎችም ተፈልስፈዋል። ዋጋው ርካሽ፣ አሠራሩም ቀላል የሆነው የግሪስ ዘዴ ግን ዛሬም ከቤተ ሙከራዎች አልጠፋም፤ ስሙም እንደያዘ አለ።