የመነሻውን ሰልፍ አይቶ ፍጻሜውን ያሰላ የነበረው ፋንጂዮ

በአውቶሞቢል ውድድር መኪኖች ከመነሳታቸው በፊት የሚቆሙበት ቅደም ተከተል በልምምድ ወቅት በተመዘገበ ሰዓት የሚወሰን ነው። ፈጣኑ ከፊት፣ ከሱ ያነሰው ከኋላው ይሰለፋል። ይህን ሰልፍ የተመለከተ ሁሉ አሸናፊውን አስቀድሞ ለመገመት ይቃጣዋል። ይሁንና ሰልፉ የሚያሳየው የአንድን ዙር ፍጥነት እንጂ የሙሉውን ውድድር ዕጣ አይደለም። በየመኪናው ምን ያህል ነዳጅ እንደተሞላ፣ ጎማው ስንት ዙር እንደሚቆይ፣ ሞተሩ ሙቀቱን ይችል እንደሆነ፣ አሽከርካሪው በቂ እንቅልፍ አግኝቶ እንደሆነ ከቆመበት ሥፍራ ማወቅ አይቻልም።

በሰልፉና በፍጻሜው መካከል ያለውን ይህን ክፍተት አስልቶ በመሥራት በዘመኑ አቻ ያልነበረው ሰው አርጀንቲናዊው ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951፣ በ1954፣ በ1955፣ በ1956 እና በ1957 በድምሩ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በዓለም ሻምፒዮና ከተነሳባቸው 51 ውድድሮች 24ቱን ያሸነፈ ሲሆን፣ በ29ኙ ከሁሉም ፊት፣ በ48ቱ ደግሞ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ቆሞ ተነስቷል።

ፋንጂዮ እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1911 ከቦነስ አይረስ በስተደቡብ በምትገኘው ባልካርሴ ከተማ ከጣሊያን ከፈለሱ ወላጆች ተወለደ። ገና በልጅነቱ ከትምህርት ገበታ ርቆ በጋራዥ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ሞተር መፍታትና መግጠም፣ የብረትን ድካም በድምፁ መለየት የተማረው በዚያ ነው። በኋላ የራሱን ጋራዥ ከፍቶ ሲሠራ የውድድር መኪኖችንም በእጁ ያዘጋጅ ነበር። በዘመኑ ከታወቁት አሽከርካሪዎች ብዙዎቹ የባለጸጋ ቤተሰብ ልጆች ሲሆኑ እሱ ግን ወደ ውድድሩ የገባው በመካኒክነት በር ነው።

የመጀመሪያ ዝናውን ያገኘው የደቡብ አሜሪካን አቀበትና ቁልቁለት በሚያቋርጡ ረጅም ውድድሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ከቦነስ አይረስ ተነስቶ ፔሩ ሊማ ደርሶ የሚመለሰውን ከ9,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ውድድር በሸቭሮሌት መኪና አሸነፈ። በእንዲህ ያለው ጉዞ ላይ ቀድሞ መነሳት ትርጉም የለውም። መኪናውን ሳይሰብር ከመጨረሻው ከተማ የሚደርሰው ብልጫ ያገኛል። ፋንጂዮ ከዚህ የተማረው ጉልበትን ቆጥቦ መጠቀምን፣ ውድድርንም ከፍጻሜው ወደ መነሻው ወደኋላ ማሰብን ነበር።

መንገዱ ግን ያስከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1948 ከቦነስ አይረስ ወደ ካራካስ በተደረገው ውድድር መኪናው በፔሩ ምድር በሌሊት ከመንገድ ወጥቶ በመገልበጡ ረዳቱና ወዳጁ ዳንኤል ኡሩቲያ ሕይወቱን አጣ። ፋንጂዮ ከዚያ በኋላ ውድድርን እስከመተው ደርሶ እንደነበር ይታወቃል። በማግሥቱ ዓመት ግን በአገሩ ድጋፍ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በተከታታይ ድል አስመዘገበ። የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1950 ሲጀመርም የጣሊያኑ አልፋ ሮሜዮ ቡድን አባል ሆነ። ያን ጊዜ ዕድሜው 38 ዓመት ነበር።

በዚያው ዓመት ሜይ 21 ቀን በሞናኮ የተደረገው ውድድር የአስተዋይነቱ ማሳያ ተደርጎ ይጠቀሳል። ፋንጂዮ ከሁሉም ፊት ተነስቶ በመምራት ላይ ሳለ በመጀመሪያው ዙር ከኋላው በባሕሩ ዳርቻ ባለው ኩርባ ላይ በርካታ መኪኖች ተጋጭተው መንገዱን ዘጉት። እሱ ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። በሁለተኛው ዙር ወደ ሥፍራው ሲቃረብ ግን ተመልካቹ የውድድሩን መሪ ትቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ እንደሚመለከት አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1936 በዚሁ ውድድር የደረሰውን ተመሳሳይ ግጭት የሚያሳይ ፎቶግራፍም ቀደም ሲል አይቶ ነበር። ወዲያውኑ ፍሬን ይዞ መኪናውን አበረደ፤ በተሰባበሩት መኪኖች መካከልም በዝግታ አልፎ ውድድሩን አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው አልቤርቶ አስካሪ በአንድ ሙሉ ዙር ተቀድሞ ነበር።

እ.ኤ.አ. የ1951 ዓመት ደግሞ ከሰልፉ በስተጀርባ ያለው ስሌት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በግልጽ አሳየ። አልፋ ሮሜዮ ኃይለኛ ሞተር ቢኖረውም በ100 ኪሎ ሜትር ከ150 ሊትር በላይ ነዳጅ የሚጨርስ በመሆኑ በውድድር መካከል ቆሞ ብዙ ነዳጅ መቅዳት ግድ ይለው ነበር። ተፎካካሪው ፌራሪ ነዳጅ ቆጣቢ ሞተር ይዞ ቀረበ። በጁላይ ወር በእንግሊዝ ሲልቨርስቶን ከሁሉም ፊት የቆመው የፋንጂዮ የአገሩ ልጅ ሆሴ ፍሮይላን ጎንዛሌዝ በፌራሪ መኪና አሸንፎ ፋንጂዮን ሁለተኛ አስቀረው። ይህም ለፌራሪ በዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያው ድል ሆነ።

የዓመቱ ሻምፒዮን የሚለየው በኦክቶበር 28 ቀን በስፔን ባርሴሎና ፔድራልቤስ በሚደረገው የመጨረሻ ውድድር ላይ ነበር። ከፊት የቆመው የፌራሪው አስካሪ ሲሆን ፋንጂዮ ከጎኑ ሁለተኛ ሆኖ ተሰልፏል። ሰልፉን ብቻ ያየ ሰው ለአስካሪ ሊያደላ ይችል ነበር። ነገር ግን የፌራሪ ቡድን ለዕለቱ አነስተኛ ጎማዎችን መርጦ ነበር። ጎማዎቹ ጫናውን መቋቋም አልቻሉም። ላስቲካቸው እየተላጠ አስካሪ ለመለወጥ ደጋግሞ ለመቆም ተገደደ። ፋንጂዮ ውድድሩን አሸንፎ የመጀመሪያውን የሻምፒዮንነት ማዕረግ ተቀዳጀ።

የሌሎችን ስህተት አስልቶ የሚጠቀመው ይህ ሰው በራሱ ላይ የሠራው የስሌት ስህተት ግን ሕይወቱን ሊያሳጣው ተቃርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 1952 ቅዳሜ ዕለት በሰሜን አየርላንድ፣ በማግሥቱ እሑድ ደግሞ በጣሊያን ሞንዛ ለመወዳደር ቃል ገባ። ወደ ሚላኖ የሚወስደው አውሮፕላን በአየሩ ጠባይ ምክንያት ባለመገኘቱ ከፓሪስ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ሲነዳ አድሮ ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ሞንዛ ደረሰ። ልምምድ ስላላደረገ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ። በሁለተኛው ዙር መኪናው ከመንገድ ወጣና እሱም ተወርውሮ ወደቀ። የአንገት አጥንቱ በመሰበሩ የዓመቱን ቀሪ ጊዜ በሕክምና አሳልፏል። የሻምፒዮንነት ክብሩንም መከላከል አልቻለም። የአሽከርካሪው ድካም በሰልፉ ላይ የማይጻፍ፣ ነገር ግን ከምንም በላይ የሚመዝን ጉዳይ መሆኑን በገዛ አካሉ ተማረ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ፋንጂዮ ይበልጥ ጥንቁቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 በማሴራቲና በመርሴዲስ መኪኖች ስድስት ውድድሮችን አሸንፎ ሁለተኛ ማዕረጉን አገኘ። በጃንዋሪ 1955 በትውልድ አገሩ በቦነስ አይረስ በተደረገው ውድድር በሦስተኛነት ተሰልፎ ተነሳ። የዕለቱ ሙቀት እጅግ የበረታ ስለነበር አብዛኞቹ አሽከርካሪዎች ከመኪናቸው እየወረዱ መሪውን ለባልደረቦቻቸው አስረከቡ። ሦስት ሰዓት የፈጀውን ውድድር ያለ ተተኪ የጨረሱት ፋንጂዮና የአገሩ ልጅ ሮቤርቶ ሚዬሬስ ብቻ ሲሆኑ ድሉም የፋንጂዮ ሆነ።

በዚያው ዓመት ጁን 11 ቀን በፈረንሳይ ለማን በደረሰው አደጋ የአንድ ተወዳዳሪ መኪና ወደ ተመልካች ተወርውሮ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ። ፋንጂዮ ከኋላ ተከትሎ ይመጣ ስለነበር በጠባብ ክፍተት አልፎ ነው የተረፈው። በዘመኑ የደህንነት ቀበቶ የማይታሰር፣ የመንገዱ ዳር ዛፍና ቦይ የሆነበት ጊዜ ስለነበር የውድድሩን አካሄድ በትክክል መገመት ዋንጫ የማግኘት ብቻ ሳይሆን ወደ ቤት የመመለስም ጉዳይ ነበር።

የስሌቱ ከፍተኛ ደረጃ ተደርጎ የሚወሰደው እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 1957 በጀርመን ኑርበርግሪንግ የተካሄደው ውድድር ነው። የአንዱ ዙር ርዝመት ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ውድድሩ 22 ዙር ይሸፍን ነበር። በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ፋንጂዮ በማሴራቲ፣ ማይክ ሆውቶርን በፌራሪ፣ ዣን ቤህራ በማሴራቲ፣ ፒተር ኮሊንስ በፌራሪ ተሰልፈዋል። ፋንጂዮ የፌራሪ መኪኖች ሙሉ ነዳጅና ጠንካራ ጎማ ይዘው ሳይቆሙ ለመጨረስ እንደተዘጋጁ ተረዳ። እሱ ደግሞ ተቃራኒውን መረጠ። ነዳጁን በግማሽ ሞልቶ፣ ለስላሳ ጎማ አስገጥሞ በቀላል መኪና ቀድሞ መራቅ፣ ከዚያም አንድ ጊዜ ቆሞ ነዳጅ መቅዳትና ጎማ መለወጥ ነበር ዕቅዱ።

የዕቅዱ የመጀመሪያ ክፍል እንደታሰበው ሆነ። በሦስተኛው ዙር መሪነቱን ይዞ ልዩነቱን እያሰፋ ሄደ፤ በ12ኛው ዙር መጨረሻ ሲቆምም ወደ 30 ሰከንድ ገደማ ይመራ ነበር። ሆኖም በጥገና ሥፍራው የተከናወነው ሥራ ከታሰበው ጊዜ እጅግ ዘገየ። ፋንጂዮ ወደ መንገዱ ሲመለስ ሆውቶርንና ኮሊንስ ከ45 ሰከንድ በላይ ቀድመውት ነበር። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ አፈጻጸሙ ተበላሸ።

ቀሪው በአሽከርካሪው ብቻ የሚሸፈን ጉድለት ሆነ። ፋንጂዮ አዲሶቹን ጎማዎች ካሟሟቀ በኋላ የዙሩን ክብረ ወሰን ደጋግሞ ሰበረ። ለመነሻው ቦታ ያበቃው ሰዓት 9 ደቂቃ ከ25.6 ሰከንድ ሲሆን በ20ኛው ዙር 9 ደቂቃ ከ17.4 ሰከንድ አስመዘገበ። በ21ኛው ዙር ሁለቱንም የፌራሪ መኪኖች አልፎ ሆውቶርንን በ3.6 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ገባ። በ46 ዓመት ዕድሜው አምስተኛውን ማዕረግ ያረጋገጠው በዚያን ዕለት ነው። ይሁን እንጂ በኋላ ዘመን ስለዚያ ቀን ሲያስታውስ ከአቅሙ ወሰን አልፎ መንዳቱን፣ ዳግመኛም እንደዚያ መንዳት እንደማይፈልግ ገልጿል።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1958 በኩባ ሃቫና በውድድሩ ዋዜማ የፊደል ካስትሮ ንቅናቄ ታጣቂዎች ከሆቴሉ ወሰዱት። ውድድሩ ያለ እሱ ሲካሄድ አንድ መኪና ወደ ሕዝቡ ገብቶ ሰዎች ሞቱ፤ ፋንጂዮ ግን ጉዳት ሳይደርስበት ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ጁላይ 6 ቀን በፈረንሳይ ሬምስ የመጨረሻውን የሻምፒዮና ውድድሩን አድርጎ አራተኛ ወጣ። አሸናፊው ሆውቶርን በአንድ ዙር ሊቀድመው ሲቃረብ ለክብሩ ሲል ከኋላው እንደቆየ ይነገራል። በዚያው ውድድር ጣሊያናዊው ሉዊጂ ሙሶ ሞተ። ኮሊንስ ከአንድ ወር በኋላ በኑርበርግሪንግ፣ ሆውቶርን በጃንዋሪ 1959 በእንግሊዝ አውራ ጎዳና ላይ ሕይወታቸው አለፈ። አስካሪም እ.ኤ.አ. በ1955 ሞንዛ ላይ ሞቶ ነበር። ከፋንጂዮ ጎን በፊተኛው ረድፍ ከቆሙት ብዙዎቹ ለእርጅና አልበቁም።

ፋንጂዮ ግን መቼ ማቆም እንዳለበትም አሰላ። ወደ አገሩ ተመልሶ በመኪና ንግድ ሥራ ተሰማራ። እ.ኤ.አ. በ1986 በባልካርሴ በስሙ ሙዚየም ተከፈተ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1995 በ84 ዓመቱ በቦነስ አይረስ አርፎ በትውልድ ከተማው ተቀበረ። የአምስት ጊዜ ሻምፒዮንነቱ ክብረ ወሰን ጀርመናዊው ሚካኤል ሹማኸር እ.ኤ.አ. በ2003 ስድስተኛ ማዕረጉን እስኪያገኝ ድረስ ለ46 ዓመታት ጸንቶ ቆይቷል።

ከሕይወት ታሪኩ የሚገኘው ቁም ነገር ግልጽ ነው። የመነሻ ቦታ የመጀመሪያው መረጃ እንጂ የመጨረሻው ውሳኔ አይደለም። መልካም ዕቅድ የራስን አቅም፣ የተፎካካሪን ዝግጅትና የሠራተኛን ድካም አንድ ላይ ይመዝናል። ዕቅዱ በአፈጻጸም ሲሰናከል ደግሞ ቀሪውን መንገድ ያለማማረር መሸፈን የኃላፊው ድርሻ ይሆናል።