የቤተሰባቸውን ታሪክ ያተረፉት ዓሊም

ታላቁ ዓሊም አሕመድ ባባ የቲምቡክቱን ቃዲዎች ካፈራው የአቂት ቤተሰብ በ1556 (እ.ኤ.አ.) ተወለዱ። የሞሮኮ ጦር ከተማዋን በ1591 ከያዘ በኋላ፣ ሸይኹ በ1594 ከዘመዶቻቸው ጋር በሰንሰለት ታስረው ወደ ማራካሽ ተጋዙ። በመንገድ ከግመል ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። 1,600 ኪታቦቻቸው ተዘረፉ፤ ከዘመዶቻቸው ሁሉ ትንሹ ስብስብ የእርሳቸው እንደነበረ ተናግረዋል። (የሌሎቹን አንባቢ ይገምት!)

በግዞት ሳሉ፣ በ1596፣ ስለ ማሊኪ ዑለሞች ባዘጋጁት ነይል አል-ኢብቲሃጅ ውስጥ የአባታቸውን፣ የአያታቸውንና የኡስታዛቸውን ታሪክ፣ ማን ከማን እንደቀራ ጭምር አሰፈሩ። የኋላ የከተማዋ ታሪክ ጸሐፊዎችም ከእርሳቸው ቀዱ።

በ1608 ተመልሰው በ1627 ቲምቡክቱ ውስጥ አረፉ። በስማቸው የተሰየመው ተቋም ከየቤቱ ሳጥን ኪታቦችን፣ የውልና የንግድ ወረቀቶችን ሰብስቧል። በ2013 ታጣቂዎች ከተማዋን ሲለቁ በሺህ የሚቆጠሩትን አቃጠሉበት።