ሩዝቬልት ያልጠየቁት ቁጥር

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሲነሱ ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1921፣ በ39 ዓመታቸው፣ እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ፤ ያም ሆኖ አራት ጊዜ ተመርጠው ከ1933 ጀምሮ አገር መርተዋል። ለሞት ያበቃቸው ግን ማንም የማያየው የደም ግፊታቸው ነበር።

በ1937 ግፊታቸው 162/98፣ በ1941 ደግሞ 188/105 ተመዝግቧል። ዛሬ 188/105 ይዞ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ከክሊኒክ አይወጣም። በዚያ ዘመን ግን ግፊትን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያወርድ ክኒን አልነበረም፤ የዕድሜ ጉዳይ ነው ብለው የሚያልፉ ሐኪሞችም ነበሩ። በማርች 1944 የልብ ሐኪሙ ሃዋርድ ብሩን ሲመረምራቸው ግፊታቸው 186/108፣ ልባቸውም አብጦና ደክሞ ተገኘ። ጨው እንዲቀንሱ፣ ሲጋራ እንዲያሳንሱ፣ እንዲያርፉና የልብ መድኃኒት እንዲወስዱ ታዘዘላቸው። ብሩን በየጊዜው ግፊታቸውን ሲለካ ግን ስንት ሆነ ብለው አይጠይቁም ነበር። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ይኸው ነው። ሕዝቡም ጤነኛ ናቸው እየተባለ ይነገረው ነበር።

በፌብሩዋሪ 1945 ከያልታ ጉባዔ ሲመለሱ፣ ግብፅ ውስጥ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው ኩዊንሲ መርከብ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 12 ቀን፣ በጆርጂያ ዋርም ስፕሪንግስ እንደተቀመጡ ጭንቅላታቸውን ከበስተኋላ ክፉኛ አመማቸውና ራሳቸውን ሳቱ። ግፊታቸው ሲለካ 300/190 ነበር። አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በዚያው ዕለት በ63 ዓመታቸው አረፉ።

እርስዎ ከስትሮክ ተርፈው ከሆነ፣ ሩዝቬልት ያላገኙት ነገር በእጅዎ አለ፦ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። ከታካሚዎቼ ዘወትር የምሰማው ግን ራሴን ስላላመመኝ ክኒኑን ተውኩት የሚል ነው። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ስትሮክ አንዴ የመታው ሰው ደግሞ ዳግም የመመታት ዕድሉ ከሌላው የሰፋ ነው። ለአብዛኛው ታካሚ የምንፈልገው ከ130/80 በታች ነው፤ ለእርስዎ ስንት እንደሚሻል ሐኪምዎን ይጠይቁ። ክኒኑ ካሳልዎት ወይም እግርዎን ካሳበጠው ይንገሩን፣ እንቀይረዋለን፤ በራስዎ አያቋርጡት። የተዘጋጀ በርበሬና ሽሮ ውስጥ የገባውንም ጨው አይርሱ። በተለኩ ቁጥር ውጤቱን ደብተር ላይ አስፍረው በቀጠሮዎ ቀን ይዘው ይምጡ። አፍ በድንገት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተያዘ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።