ጆን ቻርንሊ

ሰር ጆን ቻርንሊ (ነሐሴ 23 ቀን 1903 – ሐምሌ 29 ቀን 1974 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. 1911–1982) የእንግሊዝ አገር የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነበር። ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበትን የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ የመሠረተ ሰው ነው። የተተካው መገጣጠሚያ እንዴት እንደ ተቀመጠና እንዴት እንደ ቆየ በራጅ ለመከታተልም መንገድ ካሳዩት ሐኪሞች አንዱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የሕይወት ታሪክ

ቻርንሊ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው በቤሪ ከተማ ተወለደ። አባቱ የመድኃኒት ቤት ባለቤት፣ እናቱ ነርስ ነበሩ። በማንቸስተር ሕክምና ተምሮ በ1935 ተመረቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ጦር የሕክምና ክፍል ውስጥ በግብፅ ሲያገለግል የሕክምና መሣሪያዎችን በወርክሾፕ ያሠራ ነበር። በ1950 ስብራትን ያለ ቀዶ ሕክምና ስለ መጠገን ያሳተመው መጽሐፍ ስሙን አስጠራ።

የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ

ዳሌ የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ የሚዞርበት መገጣጠሚያ ነው። ልስላሴው ሲያልቅ ሕመምተኛው መራመድ ያቅተዋል። ቻርንሊ ስለ ሰበቃ ማሰብ የጀመረው ሰው ሠራሽ ራስ የገባለት አንድ ታካሚ ሲንቀሳቀስ ዳሌው ሲጥ ሲጥ ይል ስለ ነበር ነው። መፍትሔው ትንሽ የብረት ሉል በፕላስቲክ ስኒ ውስጥ እንዲዞር ማድረግና ሁለቱንም ከአጥንት ጋር በሲሚንቶ ማያያዝ ሆነ። የሉሉ ስፋት 22.225 ሚሊሜትር ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ስኒውን ከቴፍሎን ሠራው። ታካሚዎች ወዲያው ሕመማቸው ስለ ቀለላቸው ሥራው የተሳካ መሰለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን የራጅ ፊልሞቹ ሌላ ነገር አሳዩ፦ ሉሉ ስኒውን እየበላ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። የቴፍሎኑ ብናኝም በዙሪያው ያለውን ሥጋና አጥንት ይጎዳ ነበር። ቀዶ ሕክምናው የተደረገላቸው ሰዎች 300 ያህል ስለ ነበሩ ቻርንሊ ብዙዎቹን እንደገና መክፈት ግድ ሆነበት። ቴፍሎንን በራሱ ጭን ውስጥ አስገብቶ ጉዳቱን እስከ መፈተን ደረሰ።

በ1962 የወርክሾፑ ባለሙያ ሃሪ ክሬቨን ፖሊኤትሊን የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ አገኘ። ቻርንሊ መጀመሪያ አልተቀበለውም ነበር፤ ክሬቨን ግን በመፈተኛ ማሽኑ ላይ ጭኖ እምብዛም እንደማይበላ አሳየ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ አዲሱ ስኒ በራይቲንግተን ሆስፒታል ለታካሚ ገባ። ቻርንሊ በቴፍሎኑ ከደረሰው በኋላ ስለ ጠነቀቀ የዓመታት ውጤት ሳያይ መሣሪያው በገበያ እንዲሸጥ አልፈቀደም።

ራጅና የመገጣጠሚያው አቀማመጥ

ፕላስቲክ በራጅ አይታይም። ስለዚህ በስኒው ላይ ቀጭን ሽቦ ይታሰራል፤ በሽቦውና በብረቱ ሉል መካከል ያለው ርቀት በየጊዜው ሲለካ ስኒው ምን ያህል እንደ ተበላ ይታወቃል። በ1976 ቻርንሊ ከአሜሪካዊው ሐኪም ከጄሲ ዲሊ ጋር በስኒው ዙሪያ ያለውን አጥንት በሦስት ቀጠና ከፈለ። በሲሚንቶውና በአጥንቱ መካከል ጥቁር መስመር ከታየ በየትኛው ቀጠና እንዳለ ይመዘገባል። መስመሩ በጊዜ ብዛት ከሰፋ ስኒው መላላቱን ሊያመለክት ይችላል። ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ በሁለቱ ሰዎች ስም ይጠራል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሚነሣው ራጅ በተለይ የሚከተሉት ይታያሉ፦

• የስኒው ዝንባሌ፦ በዳሌ አጥንት ግርጌ ከሚሰመር አግድም መስመር ይለካል። በ1978 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ያለውን ደኅና ብሎታል፤ በዚህ ክልል ያለ መገጣጠሚያም ግን አልፎ አልፎ ሊወልቅ ይችላል።
• የዘንጉ አቀማመጥ፦ በጭን አጥንት ውስጥ የገባው ብረት መሐል ላይ መሆኑና አለመጣመሙ።
• የእግሮች ርዝመት፦ የሁለቱ ጭን አጥንቶች ተመሳሳይ ቦታዎች ተነጻጽረው።

ለዚህ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እንደ አርባ ምንጭ ባሉ ከተሞች ሆስፒታሎች ያለው ተራ የራጅ ማሽን ይበቃል። ዋናው ነገር የመጀመሪያው ፊልም እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው፤ ለውጡ የሚታወቀው ከእሱ ጋር ሲተያይ ብቻ ነውና።

ክብርና ሞት

ቻርንሊ ቁስል እንዳያመረቅዝ በቀዶ ክፍል ውስጥ የተጣራ አየር መጠቀምንም አስጀምሯል። በ1974 የላስከር ሽልማትን ተቀበለ፤ በ1975 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ አባል፣ በ1977 ደግሞ ሰር ተባለ። በ70 ዓመቱ አረፈ።