ኤድዋርድ ጄነር፡- ፈንጣጣን ለማጥፋት መንገድ የከፈቱት የገጠር ሐኪም

በእንግሊዝ ግሎስተርሻየር ግዛት በምትገኘው አነስተኛ የገጠር ከተማ በርክሌይ፣ እ.ኤ.አ ሜይ 14 ቀን 1796 አንድ ሐኪም ሳራ ኔልምስ ከተባለች ላም አላቢ የእጅ ቁስል ጥቂት ፈሳሽ ወስደው ጄምስ ፊፕስ በተባለ የ8 ዓመት ልጅ ክንድ ላይ ጭረው አስገቡ። ሐኪሙ ዶክተር ኤድዋርድ ጄነር ሲሆኑ፣ በዚያ ዕለት የፈጸሙት ተግባር ከ184 ዓመታት በኋላ ፈንጣጣ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ለመታወጁ መነሻ ሆኗል።

ጄነር እ.ኤ.አ ሜይ 17 ቀን 1749 በዚያችው በርክሌይ ተወለዱ። አባታቸው የከተማዋ ደብር ቄስ ነበሩ። በ5 ዓመታቸው አባትና እናታቸውን በሞት ያጡት ጄነር ያደጉት፣ እንደ አባታቸው በክህነት ያገለግሉ በነበሩት ታላቅ ወንድማቸው እጅ ነው። በካህናት ቤት ማደጋቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ላልተለያቸው ክርስቲያናዊ እምነት መሠረት ጥሏል።

በዚያን ዘመን ፈንጣጣ ብዙዎችን የሚገድል፣ ከሞት የተረፉትንም ለዓይነ ስውርነትና ለፊት ጠባሳ የሚዳርግ በሽታ ነበር። ኢትዮጵያን ጨምሮ በበርካታ አገሮች የታወቀው መከላከያ ከታማሚው ቁስል መግል ወስዶ በጤነኛው ሰው ቆዳ ውስጥ በማስገባት በሽታው ቀለል ብሎ እንዲይዘው ማድረግ ነበር። ዘዴው ብዙዎችን ቢያድንም አንዳንዶቹን ይገድል፣ በሽታውንም ወደ ሌሎች ያዛምት ነበር። ጄነር ራሳቸው በ8 ዓመታቸው ይኸው ተፈጽሞባቸዋል። አስቀድሞ ምግብ ተከልክለውና ደም እንዲፈሳቸው ተደርጎ ከሌሎች ልጆች ጋር በጋጣ ውስጥ የቆዩበትን ጊዜ ዕድሜ ልካቸውን አልረሱትም።

በ14 ዓመታቸው በአንድ የገጠር ሐኪም ዘንድ በተለማማጅነት ሙያውን የጀመሩት ጄነር፣ በ21 ዓመታቸው ወደ ለንደን አቅንተው በታዋቂው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ጆን ሀንተር ሥር ተማሩ። በካፒቴን ኩክ ሁለተኛ የባሕር ጉዞ እንዲሳተፉ የቀረበላቸውን ግብዣ ሳይቀበሉ እ.ኤ.አ በ1772 ወደ ትውልድ መንደራቸው ተመልሰው ገበሬውን ማከም ያዙ። እ.ኤ.አ በ1788 ካትሪን ኪንግስኮትን አግብተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ጤናቸው ደካማ ቢሆንም ለአካባቢው ድሃ ልጆች ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚያስተምሩ መንፈሳዊ ሴት ነበሩ።

የላም ፈንጣጣ የያዛቸው አላቢዎች በሰው ፈንጣጣ እንደማይጠቁ የአካባቢው ገበሬዎች ያውቁ ነበር። ቤንጃሚን ጀስቲ የተባለ ገበሬም እ.ኤ.አ በ1774 ሚስቱንና ልጆቹን በዚሁ ዘዴ ከትቧል። የጄነር ድርሻ ይህን የሕዝብ እውቀት በሙከራ ማረጋገጥና ለዓለም ማሳወቅ ነው። በጁላይ 1796 ለጄምስ ፊፕስ ትክክለኛውን የፈንጣጣ መግል ሰጡት። በዛሬው የሕክምና ሥነ ምግባር ፈጽሞ የማይፈቀድ ሙከራ ነበር፤ ልጁ ግን አልታመመም።

የለንደን ሮያል ሶሳይቲ የላኩለትን ጽሑፍ ለማሳተም ፈቃደኛ ባይሆንም ጄነር ተስፋ አልቆረጡም። ተጨማሪ ማስረጃ አሰባስበው እ.ኤ.አ በ1798 በራሳቸው ወጪ አሳተሙት። በዚያው ዓመት ከከተቧቸው ሕፃናት መካከል የራሳቸው የ11 ወር ልጅ ሮበርት ይገኝበታል፤ ክትባቱ ለእርሱ ባይዝለትም፣ በሰው ልጅ ላይ የሞከሩትን በገዛ ልጃቸው ላይ ለማድረግ አለማመንታታቸውን ያሳያል።

ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። ከእንስሳ የተገኘ ነገር በሰው አካል ማስገባት ከፈጣሪ ፈቃድ ጋር መጣላት ነው ያሉ ሰባኪዎች ነበሩ፤ የተከተቡ ሰዎች ላም ሲያበቅሉ የሚያሳይ የፌዝ ሥዕልም ታትሟል። ጄነር በበኩላቸው ግኝቱን የፈጣሪ ስጦታ፣ ራሳቸውንም መሣሪያ አድርገው ይቆጥሩ ነበር። ምስጢሩን ለራሳቸው ይዘው ሀብት ማካበት ሲችሉ ለጠየቃቸው ሁሉ አስተማሩ፤ የክትባቱን ፈሳሽ ወደ ሩቅ አገሮች ላኩ፤ በአትክልት ቦታቸው ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ጎጆም ድሆችን ያለ ክፍያ ከተቡ። በዚህ የተነሳ የግል ሥራቸው በመጎዳቱ የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ በ1802 አሥር ሺህ፣ በ1807 ደግሞ 20 ሺህ ፓውንድ ሰጥቷቸዋል። ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ላይ የነበሩት ናፖሊዮን እንኳ በጄነር ልመና እስረኞችን ለቀዋል።

ሚሊዮኖችን ከሞት የታደጉት ሐኪም ግን የራሳቸውን ቤት ከሐዘን ማዳን አልቻሉም። የመጀመሪያ ልጃቸው ኤድዋርድ እ.ኤ.አ በ1810፣ ባለቤታቸው ደግሞ በ1815 በሳንባ ነቀርሳ ሞቱባቸው። ከዚያ በኋላ ከበርክሌይ እምብዛም ሳይወጡ የመንደራቸውን ሕዝብ ሲያገለግሉ ኖሩ። ቤተሰብ መሥርቶ ይኖር ለነበረው ለጄምስ ፊፕስም ያለ ኪራይ የሚኖርበት ቤት ሰጡት። እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 26 ቀን 1823 በ73 ዓመታቸው ሲያርፉ አባታቸው ባገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን ከወላጆቻቸው፣ ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጎን ተቀበሩ። ጄምስ ፊፕስም ከቀባሪዎቹ አንዱ ነበር።

የጄነር ሥራ ፍጻሜ ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ ነው። በ1963 ዓ.ም የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ሲጀመር አገሪቱ በሽታው በስፋት ከቀረባቸው የመጨረሻዎቹ አገሮች አንዷ ነበረች። ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ባለ ሁለት ጫፍ መርፌ ይዘው በእግርና በበቅሎ ተራራና በረሃ አቋርጠዋል። የመጨረሻዋ ታማሚ በነሐሴ 1968 ዓ.ም በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ዲሞ በተባለች መንደር ተገኘች። ከዚያም በሽታው ከጎረቤት ሶማሊያም ተወግዶ የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ ሜይ 8 ቀን 1980 ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱን አወጀ። ጄነር ገና እ.ኤ.አ በ1801 ባሳተሙት ጽሑፍ የሥራቸው መጨረሻ የፈንጣጣ መጥፋት እንደሚሆን ተስፋቸውን ገልጸው ነበር፤ ተስፋቸው እውን የሆነው ስማቸውን ሰምተው በማያውቁ ሩቅ መንደሮች ቤት ለቤት በተዘዋወሩ የጤና ሠራተኞች እጅ ነው።