አቶምን የመዘነው ሊቅ፤ ፍራንሲስ አስተን

የኒዮን የአቶም ክብደት 20.2 ነው ሲባል፣ ያች ትርፍ ከወዴት መጣች እያልሁ አስብ ነበር። ምሥጢሩን የፈታው አስተን ነው።

እርሱም በ1877 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም አጠገብ ተወለደ። ኬሚስትሪ ተምሮ ሦስት ዓመት በቢራ ፋብሪካ ሠራ፤ የመስተዋት ዕቃም በገዛ እጁ እየነፋ ያበጅ ነበር። በ1910 ወደ ካምብሪጅ ሄዶ የቶምሰን ረዳት ሆነ። በዚያም ቶምሰን ከኒዮን ምልክት አጠገብ ሌላ ደብዛዛ ምልክት አየ። አስተን ጋዙን በሸክላ ቀዳዳ ደጋግሞ እያሳለፈ ሊለየው ደከመ፤ የተለየው ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ለእኔ ከሽልማቱ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ትዕግሥት ነው። በ1914 ጦርነቱ ሲነሣ ሥራው ተቋረጠ።

በ1919 ማስ ስፔክትሮግራፍ የተባለውን መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ኤሌክትሪክ የያዙትን አቶሞች በኤሌክትሪክና በማግኔት ኃይል እያጠፈ፣ እንደ ክብደታቸው በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ ለየብቻ ያሳርፋቸዋል። ኒዮንም 20 እና 22 ሆኖ ታየ፤ 20.2 የድብልቁ አማካይ ነበረ። በ1922 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ በ1945 ሞተ።

ፕሮቲን ግን በዚያን ጊዜ እንዲህ አይመዘንም ነበር፤ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ይሰባበራልና። ሳይሰበር የሚነሣበትን መንገድ ፌንና ታናካ በ1980ዎቹ አገኙ።