ከጭድ የተማረ ሰው

በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ ቤት ሲሠራ ጭቃው ብቻውን ለግድግዳ አይበቃም። የጤፍ ጭድ ይገባበትና በውሃ እየተረገጠ ይቦካል፤ ያን ጊዜ ሲመረግ ሳይሰነጣጠቅ ይኖራል። ይህን የማያውቅ የጎጃም ልጅ ያለ አይመስለንም። ነገር ግን ጭድና ጭቃ የሞተርን ብረት ከመበላት ለማዳን ምክንያት ሆነው ነበር ስንል አንባቢያችን ቀልድ እንዳይመስለው እንለምናለን።

ኤድዋርድ ጉድሪች አችሰን በ1856 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ተወለደ። በ16 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ሥራ ገባ። በ1880 ኤዲሰን ዘንድ ተቀጥሮ ለአምፑል የሚሆን ካርቦን ሲሞክር ቆየ፤ ቀጥሎም ወደ አውሮፓ ተልኮ የኤሌክትሪክ መብራት ተከለ።

በ1891 አልማዝን የሚተካ ጠንካራ ነገር ለማግኘት ሸክላ አፈርና የከሰል ዱቄት ቀላቅሎ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ቢለቅበት የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ፍንጣሪዎች አገኘ። ካርቦረንደም ያለው ይህ ነገር እስከ ዛሬ በመሳያ ድንጋይና በብርጭቆ ወረቀት ላይ ይገኛል። በኒያጋራ ፏፏቴ ኃይል የሚሠራ ፋብሪካም አቆመ። ሆኖም ገንዘብ ያቀረቡት ሜሎኖች የኩባንያውን ሥልጣን ያዙና የገዛ ሥራው ከእጁ ወጣ።

አችሰን ግን ሌላ ነገር ይዞ ነበር። ካርቦረንደሙ ከመጠን በላይ ሲግል ሲሊከኑ ተንኖ ይጠፋና ንጹሕ ግራፋይት ይቀራል፤ ለዚህም በ1896 የፈጠራ መብት አገኘ። ግራፋይት የምንጽፍበት እርሳስ ጥቁሩ ነገር ነው (ስሙ እርሳስ ይሁን እንጂ እርሳስ የተባለው ማዕድን በውስጡ የለም)። የካርቦን አተሞቹ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርበዋል፤ በአንዱ ቅጠል ውስጥ አጥብቀው ሲያያዙ ቅጠልና ቅጠል ግን በላላ ማሰሪያ ስለ ተያያዘ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ በሚፋተጉ ብረቶች መካከል ቢገባ ብረት ብረትን እንዳይበላ ያደርጋል፤ ዘይት በሚቃጠልበት ሙቀት እንኳ ይሠራል። የአየር እርጥበት ከሌለ ግን ልስላሴው ይጠፋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እጅግ ከፍ ብለው በበረሩ አውሮፕላኖች የዲናሞው ካርቦን ፈጥኖ ዱቄት መሆኑ ይህን አስተምሯል።

ችግሩ የግራፋይት ዱቄት በዘይት ውስጥ መዝቀጡ ነበር። መፍትሔው የመጣው ከኦሪት ዘጸአት ነው። አችሰን ለብረት ማቅለጫ የሚሆን ሸክላ ሲመረምር በግብፅ እስራኤላውያን ለጡብ ጭድ መፈለጋቸውን አሰበ። ጭድ ነክሮ ውሃውን ከሸክላው ጋር ቢያቦካ ሸክላው ጠነከረ፤ ምሥጢሩ በገለባው ሳይሆን በውሃው ነበር! ቆዳ የሚለፋበት ታኒን ደግሞ የበለጠ ሠራ። እኛ ጭቃውን ስንረግጥ ስንኖር ውሃውን ልመርምር ያለ አልተገኘብንም፤ ይህ ያስቆጨናል። በ1906 ታኒኑን ከግራፋይት ጋር ቢያቦካው ዱቄቱ ሳይዘቅጥ በውሃ፣ በኋላም በዘይት ተንሳፎ ቀረ። የውሃውን አኳዳግ፣ የዘይቱን ኦይልዳግ ብሎ ሸጠ።

በ1910 የፐርኪን ሜዳይ ተሸለመ፤ 70 ያህል የፈጠራ መብቶች አስመዝግቦ ሐምሌ 6 ቀን 1931 በኒው ዮርክ ሞተ። አኳዳጉም ከእርሱ በኋላ በአሮጌዎቹ ቴሌቪዥኖች መስተዋት ውስጥ ሲቀባ ኖረ።